ዘማች አያቶች

ማታ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የዋሽንግተኑ በረራ ሰልፍ ላይ እንዲህ ያሉ እናት አይጠፉም። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተራ ይጠብቃሉ። «ወዴት ነው እማማ?» ቢባሉ መልሳቸው አጭር ነው፤ «ልጄ ልትወልድ ነው፣ ላርሳት።» በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የገንፎ ዱቄት የታጨቀበት ሻንጣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ያልፋል። ሸኚው ልጅ እዚያው መሬት ላይ ከፍቶ ያጎድላል፤ እሳቸው «ልብሱን አውጣው፣ በርበሬዬን አትንካብኝ» ይላሉ። የጎብኚ ቪዛቸው ብዙውን ጊዜ የሚፈቅድላቸው ስድስት ወር ነው። አባት ቤት ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ።

በዚያው ሰሞን ከአሜሪካዋ ዩታ ግዛት፣ ከሶልት ሌክ ሲቲ፣ የእኚህ እናት እኩዮች የሆኑ ባልና ሚስት ጉዞ ይነሣሉ። ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸውን አከራይተው ወይም ለአንዱ ልጅ አደራ ሰጥተው፣ መኪናቸውን ለሌላው ትተው፣ ስማቸው የተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወደማያውቁት አገር ያቀናሉ። ሴት ልጃቸው ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ያን ጊዜ የሚያርሳት ሌላ ሰው ይፈለጋል። የቦሌዋ እናት ውቅያኖስ የሚሻገሩት የልጅ ልጃቸውን ብለው ነው፤ እነዚህኞቹ የልጅ ልጃቸውን ትተው ይሻገራሉ። የዛሬው ሐተታዬ ስለ ባልና ሚስቱ ነው፤ የቦሌዋ እናት ግን ጽሑፉን እስክጨርስ ከፊቴ አልጠፋ ብለውኛል።

ላኪያቸው ሰዉ በተለምዶ «ሞርሞን» የሚለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1830 (ካላመለከትሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ስሚዝ በኒው ዮርክ ግዛት መሠረታት፤ ዛሬ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት አሉኝ ትላለች። ትምህርቷን ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አብዛኛው ፕሮቴስታንትም አይቀበለውም። ያ ክርክር የራሱ ቦታ አለው፤ እዚህ አልገባበትም። ዓለም የሚያውቃቸው መልእክተኞቿ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከረባት ያሰሩ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሰው በር የሚያንኳኩ ወጣቶች ናቸው። ቁጥራቸው በ2024 መጨረሻ ከ70 ሺህ በላይ ነበር። ወንዶቹ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለሁለት ዓመት ይሄዳሉ። በእንግሊዝኛው «ኤልደር» ተብለው ይጠራሉ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የአማርኛ ትርጉሞች ይህን «ሽማግሌ» ብለውታል። ጢሙ ገና ያልበቀለ የ18 ዓመት ልጅ «ሽማግሌ እገሌ» ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ማዕረጉ በልኩ ተሰፍቶ የሚገኘው በጡረተኛው ላይ ነው። ሚስቱ «እህት» ትባላለች።

ጡረተኞቹ የሚሄዱት ለ6፣ ለ12፣ ለ18 ወይም ለ23 ወር ነው። እኔ አንዱን ዓመት መለኪያ ላድርገው፤ አንድ ገና፣ አንድ የልጅ ልጅ ልደት፣ አንድ ክረምት ከቤት ውጭ ያልፋል። ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት ልጅ የሌላቸው መሆን አለባቸው። ሐኪምና የጥርስ ሐኪም ያያቸዋል፤ የአጥቢያው ጳጳስ ያነጋግራቸዋል። ይህ ጳጳስ እንደ እኛዎቹ ጳጳሳት መነኩሴ አይደለም፤ በሳምንቱ ቀናት ምናልባት የጥርስ ሐኪም ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዝ የማይከፈለው ባለትዳር ነው። የት መሄድ እንደሚሹ ምርጫቸውን ይጽፋሉ፤ የመጨረሻው ጥሪ ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ይመጣል። ከዚያ ፕሮቮ ከተማ በሚገኘው ማሠልጠኛ አንድ ሳምንት ያህል ቆይተው ይነሣሉ።

ሕጉ ለእነሱ ላላ ያለ ነው። ወጣቶቹ እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ቤታቸው የሚደውሉት ገናና የእናቶች ቀን ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በየሳምንቱ ተፈቅዶላቸዋል። ጡረተኞቹ በፈለጉት ጊዜ ይደውላሉ። ለከባድ የቤተሰብ ጉዳይም በራሳቸው ወጪ ደርሰው እንዲመለሱ ይፈቀድላቸዋል።

በራሳቸው ወጪ የሚለው ሐረግ ከአጠገባቸው አይለይም። የሚልካቸው ማኅበር ደመወዝ አይከፍላቸውም፤ ምግባቸውን፣ ትራንስፖርታቸውን፣ ቤት ኪራያቸውን ከጡረታቸው ነው የሚያወጡት። የአሜሪካው የጤና መድን ሜዲኬር ከአገር ውጭ በአብዛኛው ስለማይሠራ ሌላ መድን ያስፈልጋል። በ2011 ቤተ ክርስቲያኒቱ በወር ከ1,400 ዶላር የሚያልፈውን የቤት ወጪ እኔ እሸፍናለሁ አለች፤ ቶኪዮ ወይም ለንደን የደረሳቸው በኪራይ ብዛት እንዳይቀሩ ነው። ከዚህ አንድ ነገር መገመት ይቻላል። ይህን ዓይነት ዘመቻ መዝመት የሚችለው ጡረታው ከወር ወር የሚያደርሰው ሰው ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ የእኛ አገር መምህር ልቡ ቢፈቅድ እንኳ ኪሱ ይመልሰዋል። መንፈሳዊነት ብቻውን ትኬት አይቆርጥም።

ገንዘቡ ግን ዋናው እንቅፋት አልሆነም። ይህን የምለው መሪዎቹ ራሳቸው ለዓመታት ከተናገሩት ተነሥቼ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በየሚያዝያውና በየጥቅምቱ ታላቅ ጉባኤ ታደርጋለች። በሚያዝያ 2001 ሮበርት ዲ. ሄልስ የተባሉት ሐዋርያ (ከፍተኛ መሪዎቻቸው የሚጠሩበት ማዕረግ ነው) ጡረተኞችን ከቤት የሚያስቀሩ አራት ምክንያቶች ዘረዘሩ፤ ፍርሃት፣ የቤተሰብ ሐሳብ፣ የሚስማማ ምደባ ማጣትና ገንዘብ። ከ10 ዓመት በኋላ በጥቅምት 2011 ጄፍሪ አር. ሆላንድ ስሙን ከአንድ የዘመቻ መዝሙር ባገኘ ንግግራቸው ጥሪውን አጥብቀው አቀረቡ፤ የልጅ ልጆቻችሁ አይጠፉም፣ ሂዱ አሉ። በጥቅምት 2023 ደግሞ ሮናልድ ኤ. ራስባንድ ያንኑ ልመና ይዘው ቆሙ። ከ20 ዓመት በላይ የተደጋገመ ልመና ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ ሰዉ እንደተፈለገው አልወጣም። ለፍርሃት ሥልጠና አለ፣ ለምደባ ዝርዝር አለ፣ ለኪራይ ጣሪያ አለ። ለልጅ ልጅ የሚሰጥ ጣሪያ የለም።

«ዘመቻ» ስል የእኛም ዘመቻ ትዝ ይለኛል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ሲልክ እናቶች አልቅሰው ሸኙ። እዚያ የዘመተው ልጅ ነበር፤ ያለቀሰችው እናት ነበረች። ዩታ ውስጥ እናት ስትዘምት የሚያለቅሰው ማን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ያኛው የመንግሥት ትእዛዝ ነው፣ ይህኛው የፈቃድ ነው። ነገር ግን ጎረቤቶችህ ሁሉ ሄደው ሲመለሱ፣ ጳጳስህ «እናንተስ አላሰባችሁበትም?» ብሎ ፈገግ ሲል፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር ድንበሩ ትንሽ ይደበዝዛል።

እነዚህ ሰዎች ከቤተሰብ መለየትን እንደ ክብር የሚያዩት ከጥንት ጀምሮ ነው። በመስከረም 1839 የያኔዎቹ መሪዎች ብሪገም ያንግ እና ሂበር ኪምቦል ወደ እንግሊዝ ለስብከት ሲነሡ ሁለቱም በወባ ይንቀጠቀጡ ነበር። የያንግ ሚስት ሜሪ አን ከወለደች 10 ቀኗ ነው። የኪምቦል ሚስት ቪላትም አልጋ ላይ ናት። ሁለቱ ሰዎች ጋሪ ላይ ተጭነው ትንሽ ከሄዱ በኋላ ነገሩ አንጀታቸውን በላው፤ ጋሪውን አስቁመው፣ እየተንገዳገዱ ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ የደስታ ጩኸት ጮኹላቸው። ሴቶቹም እንደምንም ብለው በር ላይ ወጥተው ተሰናበቷቸው። ይህ ታሪክ ለሞርሞን ልጆች በየትውልዱ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እኔ ባነበብሁት ቁጥር ዓይኔ የሚቀረው ጋሪው ላይ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። በእኛ አገር የ10 ቀን አራስ ትቶ የሄደ ባል፣ ለየትኛውም ዓላማ ይሁን፣ ሽማግሌ ይላክበታል።

እነ ሆላንድ እንዳሉት አያት ቤት ተቀምጦ ከልጅ ልጆቹ አጠገብ ከመዋል ይልቅ ሄዶ በማገልገሉ የሚያተርፍላቸው ይበልጣል። እውነትነት የለውም አልልም። አያቱን ሻንጣ ሲያስር ያየ ልጅ ስብከት ከሚሰማ ልጅ የበለጠ ይማራል። ሆኖም የሁለት ዓመት ሕፃን ምሳሌ አይፈልግም፤ ጭን ነው የሚፈልገው። መሪዎቹ ይህን የሚያጡት አይመስለኝም፤ የመድረክ ንግግር ግን ለሕፃኑ አይደረግም።

ከሄዱ በኋላ ምን ይሠራሉ? ብዙ ሰው በር የሚያንኳኩ ይመስለዋል። ጡረተኞቹ በር ማንኳኳት አይጠበቅባቸውም። አንዳንዶቹ የሚስዮኑን ቢሮ ይይዛሉ፤ የወጣቶቹን ቪዛ ያስጨርሳሉ፣ ቤት ይከራዩላቸዋል፣ መኪና ያስጠግናሉ፣ ሒሳብ ያወራርዳሉ። ባልየው በ40 ዓመት የሒሳብ ሥራ ያካበተውን ችሎታ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያለ ደመወዝ ታገኘዋለች፤ ይህን «ርካሽ ጉልበት» የሚሉ ተቺዎች አሉ፣ ነገሩም ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። የሚስቱ ሥራ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ከእናቱ ጉያ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በባዕድ አገር ሆዱ ሲባባ፣ ቤቱን ልታይ የመጣችው «እህት» ምድጃው ላይ ያደረውን ድስት አይታ ዝም ብላ ታጥባለች፣ ትኩስ ነገር ታበላዋለች፣ ታዳምጠዋለች። የራሷን የልጅ ልጆች ትታ መጥታ በደርዘን የሚቆጠሩ የማታውቃቸው ልጆች አያት ሆናለች። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ወጣት ሰባኪ ሞልቷታል፤ የሚያጥራት አያት ነው። ጡረተኞቹን ስትልክ አያትነትን ነው ወደ ውጭ የምትልከው።

ሌላው ሥራቸው ዝምታ የሰፈነበት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1894 የቤተሰብ ሐረግ ማኅበር አቋቁማለች፤ በ1938 የዓለምን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረች። 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅል ፊልም ከሶልት ሌክ ሲቲ አጠገብ ባለ የግራናይት ተራራ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ በ2021 አለቀ። ገና ያልተነሡ መዝገቦች ግን በየከተማው አሉ፤ ከዘማቾቹ ባልና ሚስቶች አንዳንዶቹ መዝገብ ቤት ውስጥ ካሜራ ሥር ገጽ እየገለጡ ፎቶ በማንሣት ይውላሉ። እሱ ይገልጣል፣ እሷ ታነሣለች። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውለው አዋዋል ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የሚገለብጡት ዳዊት ሳይሆን የሞቱ ሰዎችን ስም መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሙታን ጥምቀት ስለምትፈጽም ስሞቹ ለእሷ ከታሪክ በላይ ናቸው። ይህ ልማድ ሌሎችን ያስቆጣል፤ በተለይ በሆሎኮስት ያለቁ አይሁድ ስም ሲገኝበት ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር።

አይሁድ ከተነሡ ኢየሩሳሌምን አልፌ አልሄድም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዩኒቨርሲቲ በስኮፐስ ተራራ ላይ ማእከል ሊሠራ ሲነሣ፣ በ1985 አካባቢ አክራሪ አይሁድ በሰልፍ ተቃወሙት፤ «ሊሰብኩን ነው» ብለው። ስምምነት የተደረሰው እዚያ ማንም ላይሰብክ ቃል ገብቶ ነው፤ ማእከሉ በ1989 ተመረቀ። በዚያ ያገለገሉ ጡረተኛ ባልና ሚስቶች እንግዳ ይቀበሉ፣ ተማሪዎችን ያክሙ ነበር፤ ስለ እምነታቸው ግን አፋቸውን ይዘጉ ነበር። አፉን የዘጋ ሚስዮናዊ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. አጼ ኃይለ ሥላሴ ያወጡት የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሩን ለሁለት ከፍሎ፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ በሆነው ክልል የውጭ ሚስዮን ማስተማርና ማከም እንጂ ሃይማኖት ማስለወጥ አይችልም ብሎ ነበር። የእኛ አገር ሰው «ሚስዮን» ሲል ወደ አእምሮው ቀድሞ የሚመጣው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ደግሞም ዝም ያለ አገልግሎት ጨርሶ አይሰብክም ማለት ራስን መሸንገል ነው። ደረቱ ላይ ያለው ሰሌዳ ይናገራል። ይህን መካድ አያስፈልግም፤ ሰሌዳው ግልጽ ሆኖ መታየቱ ከተደበቀ ዓላማ ይሻላል።

ድካሙን እንይ። አንድ ዓመት አጭር ነው። ባልና ሚስቱ የገበያውን መንገድ ለይተው፣ «እንዴት አደራችሁ»ን አጥርተው፣ የሰፈሩ ሰው «የእኛ» ማለት ሲጀምር ሻንጣ ይታሰራል። በ1959 ለሦስት ዓመት ውል ብለው አዲስ አበባ የመጡትን ሬጂናልድ እና ካትሪን ሐምሊንን አስታውሱ፤ በቤተ ክርስቲያን አልተላኩም፣ አዋላጆችን ሊያሠለጥኑ በመንግሥት ውል የመጡ ሐኪሞች ነበሩ። ባል በ1993፣ ሚስት በ2020 እዚሁ አረፉ። የፊስቱላን ሆስፒታል ለመገንባት ይህ ሁሉ ዕድሜ ጠይቋል። በዓመት ተመላሽ ባልና ሚስት የሚገነባው ሌላ ነው። አባላቱ ጥቂት በሆኑበት አጥቢያ ገንዘብና ልምድ ይዞ የመጣ ፈረንጅ ሲቀመጥ ሰዉ ሁሉን ነገር እሱን ወደ መጠየቅ ያዘነብላል፤ ሲሄድ ወንበሩ ብቻ ይቀራል። ጥሩዎቹ ይህን ቀድመው አውቀው ከኋላ መቀመጥን ይለማመዳሉ። ለጡረታ ሰው፣ በተለይ 40 ዓመት ሲያዝ ለኖረ ሰው፣ ከኋላ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

በእኛም ዘንድ እርጅናን ለእግዚአብሔር መስጠት አለ። ልጆቹን ድሮ ኩሎ የጨረሰ ሰው ቆብ ይጭናል፤ አንዳንዴ ባልም ሚስትም መንኩሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ቀሪ ዘመናቸውን በጸሎት ያሳልፋሉ። የእኛዎቹ ከዓለም ይወጣሉ፤ የዩታዎቹ ዓለም ውስጥ ይገባሉ፣ ያውም ሚስት ባሏን ይዛ፣ ከዓመት በኋላ ቤቷ ልትመለስ። የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ እሑድ አለ፤ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወቅት የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች ለኢትዮጵያ ልዩ ጾም ታወጀባቸው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ጾመው የምግቡን ዋጋ ለድሃ መስጠት ልማዳቸው ነው፤ ያን ቀን የሰጡት ለእኛ ነበር። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ በካቶሊክ የእርዳታ ድርጅትና በቀይ መስቀል በኩል ደረሰ። ወኪሎቻቸውም መጥተው አገሩን አዩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የምታካሂደው የሰብአዊ እርዳታ ሥራ ጅምሩን የሚቆጥረው ከዚያ ጾም ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሥራውን መሬት ላይ የሚያስኬዱት እነዚሁ ጡረተኛ ባልና ሚስቶች ሆኑ፤ ውኃ ያስቆፍራሉ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ያስመጣሉ፣ ሥልጠና ያዘጋጃሉ።

ከሥልጠናዎቹ አንዱ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃንን ማስተንፈስ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 ያስጀመረውን መርሐ ግብር ቤተ ክርስቲያኒቱ ትደግፋለች፤ ሐኪሞች ለአጭር ጊዜ መጥተው ያስተምራሉ፣ ባልና ሚስቱ አዳራሹን፣ ዕቃውን፣ ምሳውን ያሰናዳሉ። ዋናው ትምህርት የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ናት። ሕፃኑ ካላለቀሰ አዋላጇ ታደርቀዋለች፣ ጀርባውን ታሸዋለች፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ የፊት ጭምብሉን ገጥማ በእጅ የሚጨመቀውን ከረጢት እየጨመቀች አየር ትሰጠዋለች። የሚለማመዱት በአሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ ለብ ያለ ውኃ ሲሞላ ልክ እንደ ሕፃን ይከብዳል፤ አንገቱ ካልተደገፈ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ጠዋት አዋላጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ውኃውን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። አያቲቱ ቧንቧው ሥር ቆማ፣ በክርኗ ሙቀቱን ለክታ፣ አንድ በአንድ ትሞላለች። የሞላችውን በጨርቅ ታደርቅና ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጧ በፊት፣ ሳታስበው፣ አንገቱን ደግፋ ትከሻዋ ላይ ታደርገዋለች።